የበጎቹ ገንዳ

አባቱ ታንኩን የገዛው በጨረታ ነበር፣
ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ የሠራዊቱ ትርፍ ብረት በገፍ ሲቸበቸብ፣ ሲዘረዘር።
ከአንድ ትራክተር አይበልጥም ዋጋው፤
ጉቶ እንዲነቅልለት ነው የፈለገው።
መድፍ የተሸከመውን ማማ ሁለት ቀን ሙሉ በእሳት ቆርጦ ጣለ፤
"ከዛፍ ሥር ጋር ለምታገል፣ መድፍ ምን ሊሠራልኝ?" አለ።
(ወንድሙ በቀርጤስ ደሴት ቀርቶ ነበር። ስለዚያ ምንም አላለ።)
ማማው ተገልብጦ ከግጦሹ ገባ፣
ዝናብ ሞላው፤ ገንዳ ሆነ፤ ስንቱ በግ ጠጥቶበት ሰባ።

ዛሬ በዚያው እርሻ፣ በኒውዚላንድ ደቡብ፣ ከማታውራ ወንዝ ማዶ፣
ልጁ በጀርባው ተኝቷል ከብረቱ ሆድ ሥር፤ ወለሉ በረዶ።
ስሙ መርዶክ ነው። (በእኛ ጆሮ አትስሙት፤ መርዶ አላመጣም ለማንም፤
ባያቶቹ ቋንቋ የባሕር ሰው ነው፤ እሱ ግን ውሃ አይደፍርም፣ አይዋኝም።)
ሰባ ሁለት ዓመቱ። አሥራ አንድ ክረምት፣ በሽለታው አዳራሽ፣ በቆርቆሮ ጥላ፣
ዝገት እየፋቀ፣ ዝገት እየተነፈሰ፣ ዝገት እየበላ።
እንቢ ያለውን ብሎን ሌሊቱን በናፍጣ ያሳድረዋል፣
ጠዋት "እንዴት አደርክ?" ይለዋል፤
ከዞረለት በጣቱ ይዳብሰዋል፤
ካልዞረ በመዶሻ ይመክረዋል።
ከገላ መታጠቢያው ገንዳ አሥራ ሁለት ባልቦላ ተነክሮ ከርሟል፤
ዩና፣ ሚስቱ፣ በእህቷ ቤት መታጠብ ለምዶባታል።
ማታ ማታ ሻይ ይዛ ከደጃፉ ትቆማለች፤
"ከሥር የሚታዩት እግሮች የባሌ ከሆኑ፣ እራት ቀርቧል" ትላለች፣
"የሌላ ሰውም ከሆኑ ይምጡ፤ ሾርባው እየበረደ ነው።"
ኩባያውን ከሰንሰለቱ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከሹፌሩ መቀመጫ ግራ፣ ከሦስት ድርብ ቀለም በታች፣
በሚስማር የተጫረች ጽሑፍ ወጣች፦
"ዝናብ። ዛሬም ዝናብ። ጠላት አልመጣም። ካልሲዬ ርሷል።"
ስም የላት፣ ቀን የላት። መርዶክ መነጽሩን አውልቆ ጠርጓል፣
መልሶ አንብቧል።
ያኔ ነው የገባው፦ ይህ ብረት ባሕር አልተሻገረም፤
በልምምድ ሜዳ ጭቃ ሲያቦካ ኖረ እንጂ፣ በሰው ላይ አንድ ጥይት አልወረወረም።
አንድ ወር ሙሉ መፍቻ አላነሣም።
በረንዳ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል፤ ምን እንዳሰበ ግን፣ ዩና ብትጠይቀውም፣ አላወራም።

የጎረቤት ልጅ ታማቲ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዳዶ አቀባይ፣
"ስንት ሰው ገደለ?" አለው፣ አንገቱን አቅንቶ ሽቅብ ሲያይ።
መርዶክ ቆየና፣ "አባቴ በደብተሩ መዝግቦታል" አለ፣ "ቁጥሩን፦
አራት መቶ ሰባ ጉቶ። አንድ የከብት በር። አንድ የአያትህን አጥር፤ ካሣውን
በሁለት ሙክት ከፍለናል።"
ልጁ በጣቱ ሊቆጥር ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ "ኧረ ይበቃል!"
አለ፣ "ይኼ እንኳ ብዙ ገድሏል።"
በማግሥቱ መፍቻው ከተሰቀለበት ወረደ።

መስከረም ላይ፣ በጎቹ ሲወልዱ፣ ሞተሩ አንዴ ሳለ፣
ጥቁር ጭስ ተፋና መልሶ ዝም አለ።
በሦስተኛው ግን ቆርቆሮው ሁሉ ተንጫጫ፣
ከወራጁ ላይ ድንቢጥ ተንጫጫ፣
ዩና እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጥታ፣ ጆሮዋን መያዝ አቅቷት፣ ሳቀች።

የቀረው ማማው ነበር። ውሃውን ደፋ፣ አረንጓዴ ሽበቱን ፋቀ፤
ሰባ ዓመት ሰማይ ያየ ሆዱ ዳግም ወደ ታች ወደቀ፣
ተበየደ፣ ተቀባ።
እውነተኛው መድፍ ድሮ ቀልጦ የት እንደደረሰ አይታወቅም፤
መርዶክ ከመስኖ ቧንቧ ሌላ ሠራለት፤ ከሩቅ ሲያዩት አያስታውቅም።

ጠዋት ተነሥቶ የአዳራሹን በር ሲከፍት፣
አሥራ ሰባት እናት በጎች፣ ከነግልገሎቻቸው፣ ከመድፉ አፍ ፊት ለፊት።
ማን እንደነገራቸው እንጃ። ሽታውን ተከትለው ይሆናል መጥተው፣
አንገታቸውን ወደ ቧንቧው አቅንተው፣
ውሃ ይጠብቃሉ።
መርዶክ አያቸው። አዩት።
"ተሳስታችኋል" ሊላቸው አስቦ ተወው፤ እሱም አላመነበት።
ባልዲ ፍለጋ ሄደ።